መልሶ፣ ግን ወደ የት? ዱ ቦይስን እና አራት የአገር ግንባታ እቅዶችን ሳነብ

ባለፈው ክረምት በምሠራበት ቦታ አንድ ሲስተም ወደቀ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ተደወለልኝና ላፕቶፔን ከፈትኩ። መፍትሔው ቀላል ነበር የመሰለኝ፤ የትናንቱን ባክአፕ መመለስ። መለስነው፣ ሠራ፣ ተኛን። በሦስተኛው ቀን ያው ሲስተም በዚያው ምክንያት እንደገና ወደቀ። ለካ ስህተቱ ባክአፑ ውስጥም ነበረ። ሲስተሙን ስንመልስ የጣለውንም ነገር አብረን መልሰነው ኖሯል።

በዚያው ሰሞን ማታ ማታ የማነበው ደብሊው ኢ ቢ ዱ ቦይስ በ1935 ያሳተመውን «ብላክ ሪኮንስትራክሽን ኢን አሜሪካ» ነበር። (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ እነግራችኋለሁ።) ከሰባት መቶ ገጽ በላይ ነው፤ በስልክ እንዲነበብ የተሠራ መጽሐፍ አይደለም። የሚተርከው ከ1860 እስከ 1880 ድረስ፣ ማለትም የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመርና ሲያልቅ፣ ካለቀም በኋላ አገሪቱን ለመገጣጠም ሲሞከር፣ ጥቁሮች ምን ሠሩ የሚለውን ነው።

አሜሪካኖቹ ከጦርነቱ በኋላ ያለውን ዘመን «ሪኮንስትራክሽን» ይሉታል። በአማርኛ ምን ልበለው ብዬ ሳስብ ወዲያው የመጣልኝ «መልሶ ግንባታ» ነው። ይህን ቃል የኛ ትውልድ ከዜና በደንብ ያውቀዋል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመበት ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ወዲህ (ይሄ የኛ ነው) «መልሶ ማቋቋም» እና «መልሶ ግንባታ» ያልተባለበት ሳምንት ያለ አይመስለኝም። ግን «መልሶ» የሚለውን ቃል ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ሁለት ነገር ነው የሚለው። «ቤቱን መልሶ ሠራው» ስንል እንደገና፣ ምናልባትም በአዲስ መልክ ሠራው ማለታችን ነው። «መልሶ ቦታው አስቀመጠው» ስንል ደግሞ ወደነበረበት መለሰው ማለታችን ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ተቃራኒ ሥራ።

የዱ ቦይስን መጽሐፍ ካነበብኩ በኋላ የገባኝ፣ የአሜሪካ እቅዶች ጠብ ሁሉ በነዚህ ሁለት ትርጉሞች መካከል የተደረገ መሆኑ ነው። ይህን የምለው ቃል ለማጣመም አይደለም። ከሊንከን ቀጥሎ የመጣው ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን «ሪኮንስትራክሽን» የሚለውን ቃል አይወደውም ነበር። እሱ የሚመርጠው «ሬስቶሬሽን» ነው፤ ወደነበረበት መመለስ።

አሥር በመቶ፣ የምን?

ኢንተርኔት ላይ ያሉ ማጠቃለያዎች ታሪኩን እንደ ቁጥር ፉክክር ነው የሚያቀርቡት። ሊንከን አሥር በመቶ አለ፣ ኮንግረስ ሃምሳ በመቶ አለ፣ አልተስማሙም። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የያዝኩት። ከዚያ ሰነዶቹን ራሳቸውን አነበብኳቸው፤ ረጅም አይደሉም።

ሊንከን አዋጁን ያወጣው ጦርነቱ ሳያልቅ፣ ዲሴምበር 8 ቀን 1863 ነው። ባጭሩ፣ ካመፁት ግዛቶች ለኅብረቱና ባርነትን ለሚመለከቱት አዋጆች ታማኝ እሆናለሁ ብሎ የማለ ሰው ምህረት ያገኛል፤ ከባሪያ በስተቀር ንብረቱም ይመለስለታል። ከፍተኛ ባለሥልጣናት፣ ከኮሎኔል በላይ ማዕረግ የነበራቸው የጦር መኮንኖች፣ እንዲሁም ጥቁር ወታደሮችን ማርከው እንደ ጦር ምርኮኛ ያልያዙ ሰዎች ከምህረቱ ውጭ ናቸው። በ1860ው የፕሬዚዳንት ምርጫ በአንድ ግዛት ከተሰጠው ድምፅ አንድ አሥረኛ የሚያህል ሰው ከማለ፣ እነዚያ የማሉት አዲስ የግዛት መንግሥት ማቆም ይችላሉ።

ኮድ የሚጽፍ ሰው መቶኛ ሲያይ «የምን?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም ጠየቅሁ። አዋጁ ከዘረዘራቸው ግዛቶች አንዷ ሳውዝ ካሮላይና ናት። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ግን በ1860 ሕዝብ ለፕሬዚዳንት ድምፅ አልሰጠም፤ ወኪል መራጮቹን የሚሰይመው የግዛቲቱ ምክር ቤት ነበር። የዜሮ አሥር በመቶ ዜሮ ነው። አዋጁን ቃል በቃል ኮድ አድርጋችሁ ብታስኬዱት፣ አመፁን በጀመረችው ግዛት ማንም ሳይምል መንግሥት ሊቆም ነው! ሊንከን እቅዱ እዚያ ሳይደርስ ስለተገደለ ባጉ አልፈነዳም። ለብቻዬ ስቄ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ላክሁለት።

ሳቁ ሲያልፍ ግን ዋናው ነገር ታየኝ። ቁጥሩ አሥርም ይሁን ሃምሳ፣ መነሻው ነጩ ወንድ ነው። በሳውዝ ካሮላይናና በሚሲሲፒ ያን ጊዜ ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባርነት የተያዘ ነበር። ይህ ሕዝብ በቁጥሩ ውስጥ የለም። በ1864 ሴናተር ቤንጃሚን ዌድና የተወካዮች ምክር ቤት አባሉ ሄንሪ ዊንተር ዴቪስ ያወጡት ረቂቅ የበለጠ ጠንካራ ነው ይባላል፤ ነውም። በግዛቱ ከሚመዘገቡት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዲምሉ ይጠይቃል፣ ሕገ መንግሥት የሚያረቅቁትንም በፈቃዳቸው አመፁን ያልደገፉ ሰዎች ብቻ ያደርጋል። ሊንከን ሳይፈርምበት ቀርቶ ረቂቁ ሞተ። ግን እሱም ቢሆን የሚቆጥረው ነጭ ወንዶችን ነው። ሁለቱ እቅዶች በመቶኛው ተጣሉ እንጂ በሚቆጠረው ሰው ላይ ተስማምተው ነበር።

ሊንከን ነፃ የወጡትን ረስቷቸዋል ማለቴ አይደለም። አዋጁ ውስጥ አሉ። ስለነሱ የሚናገረው ግን ግዛቶቹ ነፃነታቸውን እስካወቁና ትምህርት እስከሰጧቸው ድረስ፣ ለጊዜው ሠራተኛ፣ መሬት የለሽና ቤት የለሽ ከመሆናቸው ጋር የሚስማማ ደንብ ቢያወጡባቸው እንደማይቃወም ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። መሬት የለሽነታቸውን እንደ ችግር አላነሳውም። እንደ ሁኔታ ተቀበለው።

እንቁላሉን ማን ይታቀፈው?

ሊንከን በሕይወቱ የመጨረሻውን ንግግር ያደረገው ኤፕሪል 11 ቀን 1865 ነው። በሱ እቅድ የቆመውን የሉዊዚያና መንግሥት ሰዎች ይነቅፉበት ስለነበር መልስ ሲሰጥ ምሳሌ አመጣ። መንግሥቱ ገና እንቁላል ነው እንበል፤ ታዲያ ዶሮዋን ቶሎ የምናገኘው እንቁላሉን በማስፈልፈል ነው ወይስ በመስበር? ይህን ሳነብ የአያቴ ድምፅ ነው የመጣብኝ፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። ማን ያውቃል፣ ሊንከን ሐበሻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ተረት ይዘጋው ነበር።

በዚያው ንግግር ሊንከን ቢያንስ የተማሩና በውትድርና ያገለገሉ ጥቁሮች ድምፅ ቢሰጡ እንደሚመርጥ ተናገረ። ከአድማጮቹ መካከል ጆን ዊልክስ ቡዝ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ተኮሰበት።

ዱ ቦይስ ለሊንከን ደግ ነው። እያደገ የመጣ ሰው አድርጎ ነው የሚያየው፤ በ1863 የጻፈውና በ1865 የተናገረው አንድ አይደሉም። እስማማለሁ። በእንቁላሉ ክርክር ግን አልስማማም። እንቁላል በራሱ አይፈለፈልም፣ የሚታቀፈው ያስፈልጋል። በሉዊዚያና የታቀፉት እነማን ነበሩ? በ1866 የድሮዎቹ አማፂዎች ወደ ሥልጣን እየተመለሱ ነበር። ያን ዓመት ጁላይ 30 ለጥቁሮች የመምረጥ መብት ለመስጠት የሚፈልጉ ሰዎች ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ለጉባኤ ሲሰበሰቡ፣ ፖሊስና የነጭ መንጋ አብረው ጥቃት አድርሰው ከሠላሳ በላይ ሰው ገደሉ፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። «ቀስ በቀስ» ጥሩ ምክር የሚሆነው ጊዜው ለማን እየሠራ እንደሆነ ስታውቁ ብቻ ነው።

የሃያ ሺህ ዶላሩ ሰልፍ

አንድሩ ጆንሰን የዚህ ታሪክ አስገራሚው ሰው ነው። በድህነት ያደገ፣ ልብስ ሰፊ የነበረ፣ የደቡቡን ባላባት የሚጠላ የቴኔሲ ሰው። ሜይ 29 ቀን 1865 ያወጣው የምህረት አዋጅ አሥራ አራት ዓይነት ሰዎችን ከምህረቱ ያስቀራል፤ ከነሱም ውስጥ ከሃያ ሺህ ዶላር በላይ ግብር የሚከፈልበት ንብረት ያላቸውን አማፂዎች። እነዚህ ይቅርታ ከፈለጉ ራሳቸው ለፕሬዚዳንቱ ማመልከት አለባቸው።

ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ይህ ከሊንከን እቅድ የከረረ ነው ይላል። ሲስተም ግን የሚፈተነው ሲሠራ ነው። የሆነው ምንድነው፤ ባላባቶቹ ዋሽንግተን መጥተው ተሰለፉ፣ ጆንሰንም በሺዎች የሚቆጠር ይቅርታ ፈረመ። ትናንት ቀና ብሎ የማያየው ባላባት ዛሬ ደጁ ቆሞ ሲለምነው ማየቱ ሳይበቃው አልቀረም። ዱ ቦይስ ስለ ጆንሰን በጻፈው ምዕራፍ ይህን ለውጥ፣ ድሃ ነጭ እንዴት የባላባቱ ጠበቃ እንደሚሆን፣ በጣም በጥሩ ሁኔታ ነው የሚተነትነው። በመጽሐፉ ሌላ ቦታ ያለው ክርክሩ ደግሞ ይህ ነው፤ ድሃው ነጭ ከባላባቱ ገንዘብ ባያገኝም፣ ከጥቁሩ በላይ መቆጠሩ እንደ ሌላ ዓይነት ደመወዝ ሆኖ ይከፈለዋል።

ጆንሰን ያቆማቸው መንግሥታት ወዲያው ማንነታቸውን አሳዩ። በ1865 መጨረሻ ሚሲሲፒና ሳውዝ ካሮላይና «ጥቁር ሕጎች» የሚባሉትን አወጡ። በሚሲሲፒ ነፃ የወጣ ሰው በየዓመቱ መጀመሪያ ሥራ እንዳለው በጽሑፍ ማሳየት አለበት። ከሌለው «ዘዋሪ» ተብሎ ይቀጣል። መቀጫውን መክፈል ካልቻለ ለከፈለለት ሰው ተከራይቶ ይሠራል። ጆርጂያ ደግሞ የአማፂው መንግሥት ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረውን አሌክሳንደር ስቲቨንስን ለአሜሪካ ሴኔት መረጠችው። ባክአፑ ተመለሰ ማለት ይሄ ነው። ሲስተሙ ተነሣ፣ ስህተቱም አብሮ ተነሣ።

ተማርኮ ነው፣ ታሞ ነው ወይስ ሞቶ?

ዲሴምበር 4 ቀን 1865 ኮንግረስ ሲከፈት የተወካዮች ምክር ቤቱ ጸሐፊ ስም ሲጠራ የደቡብ ተመራጮችን ስም ዘለለ። በቃ፣ ዘለለ። ተነሥተው ቢጮኹም ስማቸው ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለኔ ከመጽሐፉ ታላላቅ ትዕይንቶች ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው፤ አንድ ቢሮክራት ሳያነበው ያለፈው ዝርዝር የጆንሰንን እቅድ አቆመው።

ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር እንደ ሕክምና ክርክር ነው። ጆንሰን መገንጠል ሕገ ወጥ ስለሆነ ግዛቶቹ ወጥተው አያውቁም ይላል፤ ታመው ነበር፣ አሁን ይነሡ። ሴናተር ቻርልስ ሰምነር ግዛቶቹ በማመፃቸው ራሳቸውን ገድለዋል ይላል። ታዴየስ ስቲቨንስ ደግሞ በጦር የተያዙ አገሮች ናቸው፣ የምናደርጋቸውን የምንወስነው እኛ ነን ይላል። የሕግ ክርክር ይመስላል። የሚወስነው ግን በጣም ተጨባጭ ነገር ነው፤ መሬት መንካት ይቻላል ወይስ አይቻልም?

ስቲቨንስ ሴፕቴምበር 1865 ላንካስተር፣ ፔንሲልቬኒያ ላይ ያደረገው ንግግር ከአራቱም እቅዶች ሒሳቡ የሚገጥመው ብቸኛው ነው። ከሁለት መቶ ኤከር በላይ ያላቸው ሰባ ሺህ ያህል ባለ ርስቶች 394 ሚሊዮን ኤከር ይዘዋል አለ። ይወረስ። ለእያንዳንዱ ነፃ የወጣ አዋቂ ወንድ አርባ ኤከር ይሰጠው። ቁጥራቸው አንድ ሚሊዮን ቢሆን 40 ሚሊዮን ኤከር ነው። የቀረው ተሸጦ ለጦርነቱ ዕዳና ለጡረታ ይዋል። እስቲ አካፍሉት፤ 40 ለ394። አሥር በመቶ ገደማ ነው! ሊንከን የመራጩን አሥር በመቶ ጠየቀ፣ ስቲቨንስ የመሬቱን አሥር በመቶ። ያው ቁጥር፣ የተለያየ «የምን»።

የኛ አገር አንባቢ «መሬት ላራሹ» የሚለውን መፈክር ሳያስታውስ ይህን ማንበብ አይችልም። ልዩነቱ፣ እኛ ጋ አዋጁ በየካቲት 1967 (የኛ) ወጣ፤ እዚያ የስቲቨንስን ሐሳብ የራሱ ፓርቲም አልተከተለውም። ኮንግረስ ማርች 2 ቀን 1867 ያጸደቀው እቅድ ብዙ ነገር አድርጓል። አሥር ግዛቶችን በአምስት ወታደራዊ ቀጠና ከፈለ፣ ለጥቁር ወንዶች የመምረጥ መብት ሰጠ፣ ከአሥራ አራተኛው ማሻሻያ ጋር አያይዞ ሁሉም አዲስ ሕገ መንግሥት እንዲጽፉ አዘዘ። «የሚቆጠረው ማነው» የሚለው መልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለወጠ። ውጤቱም ታየ። በደቡብ የሕዝብ ትምህርት ቤት ተስፋፋ፣ በ1870 ሃይረም ሬቭልስ ከሚሲሲፒ የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ሆኖ ገባ፣ ከቀበሌ ዳኛ እስከ ኮንግረስ ሁለት ሺህ ያህል ጥቁሮች ሥልጣን ያዙ። የሴቶች ጉዳይ ግን አልተነሣም፤ መሬቱም አልተነካም። የመረጠው ሰው ማታ የሚገባው ትናንት ጌታው በነበረው ሰው መሬት ላይ ነው። በ1877 የፌዴራሉ ወታደር ሲነሣ፣ ድምፁን የሚያስከብርበት ምን ቀረው?

የተጠየቁት ሰዎች

እስካሁን አራት እቅድ ቆጥሬያለሁ፤ የሊንከን፣ የዌድና የዴቪስ፣ የጆንሰን፣ የኮንግረስ። ሁሉም ዋሽንግተን የተጻፉ ናቸው። አምስተኛው የተነገረው ሳቫና፣ ጆርጂያ ነው።

ጃንዋሪ 12 ቀን 1865 ማታ ጄኔራል ሸርማንና የጦር ሚኒስትሩ ኤድዊን ስታንተን ሃያ ጥቁር የሃይማኖት አገልጋዮችን ጠርተው ጠየቋቸው። የተባለው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ቃል አቀባያቸው የ67 ዓመቱ ጋሪሰን ፍሬዚየር ነበሩ፤ የራሳቸውንና የባለቤታቸውን ነፃነት በአንድ ሺህ ዶላር ወርቅና ብር የገዙ ሰው። ራሳችሁን እንዴት ልታስተዳድሩ ትችላላችሁ ሲባሉ፣ መሬት ኖሮን በራሳችን ጉልበት ብናርሰው ነው ብለው መለሱ። ከነጮች ጋር ተደባልቃችሁ ነው ወይስ ለብቻችሁ መኖር የምትፈልጉት ሲባሉ፣ ጥላቻው ለመሻር ዓመታት ስለሚፈጅ ለብቻችን አሉ። ከሃያው አንዱ፣ ጄምስ ሊንች የሚባል የ26 ዓመት ወጣት፣ የለም፣ መለያየት የለብንም፣ አብረን ነው መኖር ያለብን አለ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ተጠይቀው ከአዛውንቱ ጋር ተስማሙ።

ይህን ቃለ ጉባኤ የምወደው ክርክሩን ስላልደበቀ ነው። ሊንች በዕድሜ እኩያዬ ነው ማለት ይቻላል። አንዳንድ ቀን ከሱ ጋር ነኝ፣ አንዳንድ ቀን ከአዛውንቱ ጋር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊንች የሚሲሲፒ ግዛት ዋና ጸሐፊ ሆኖ ተመርጧል። ሁለቱም ግን ሳይጠየቁ የተወሰነላቸው ሰዎች አይደሉም።

ከአራት ቀን በኋላ ሸርማን ትእዛዝ ቁጥር 15ን አወጣ። ከሳውዝ ካሮላይና እስከ ፍሎሪዳ ያለው የባሕር ዳርቻ መሬት ለቤተሰብ እስከ አርባ ኤከር ይከፋፈል ተባለ። በጥቂት ወራት ውስጥ አርባ ሺህ ያህል ሰው ሰፈረበት። ጆንሰን በዚያው ዓመት መሬቱን ለድሮዎቹ ባለቤቶች መለሰ። ይሄው፤ «መልሶ»።

ኦክቶበር 1865 ይህን እንዲያስረዳ ኤዲስቶ ደሴት የተላከው ጄኔራል ኦሊቨር ሃዋርድ ነበር፤ በጦርነቱ ቀኝ እጁን ያጣ፣ ለነሱም የሚቆረቆር ሰው። ለድሮ ጌቶቻችሁ ይቅር በሉና ለነሱ ሥሩ አላቸው። የደሴቲቱ ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመው በደብዳቤ መለሱለት። መልሳቸው በኔ አባባል ሲጠቃለል ይህን ይመስላል፤ አንተ ያጣኸው እጅህን ብቻ ስለሆነ ይቅር ማለት ትችል ይሆናል። እኛን ዛፍ ላይ አስሮ የገረፈን፣ እናታችንንና እኅታችንን የገረፈ፣ ዛሬም በሱ ሁኔታ ካልሆነ መሬቱ ላይ አላስኖርህም የሚለንን ሰው ግን እንዴት ይቅር እንበል?

እዚህ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። ምክንያቱ አንድ ጓደኛዬ ነው። እናቱ ሰሜን ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሱቅ ነበራቸው። ጦርነቱ ሱቁን ከነዕቃው ወሰደው። ጉዳት ሲመዘገብ ሄደው ፎርም ተሰጣቸው። ፎርሙ «የባለቤትነት ማስረጃ» ይላል። ሱቁ ደግሞ የኪራይ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የሠሩበት ቢሆንም ቤቱ የሌላ ሰው ነው። ለአከራዩ የሚሞላ ቦታ አለ፣ ለተከራይዋ ግን የለም። ጓደኛዬ ይህን የነገረኝ ሲያማርር አይደለም፤ እንደኔው ዳታቤዝ ስለሚሠራ «ዓምዱ የለም» ብሎ ሳቀ። ፎርሙን የሠራው ሰው ክፉ ነው ብዬ አላስብም። የጠየቀው ምን ነበራችሁ ብሎ ነው፤ ምን እየሠራችሁ ትኖሩ ነበር ብሎ አልጠየቀም። ምናልባት ማንም ሱቅ ነጋዴ ፎርሙ ሲዘጋጅ አጠገቡ አልነበረም።

ስለ መጽሐፉ ራሱ

ዱ ቦይስ ይህን መጽሐፍ ሲጽፍ ፊት ለፊቱ የነበረው ትልቅ ግድግዳ ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በዊልያም ደኒንግ ዙሪያ የተሰበሰቡ የታሪክ ሰዎች ያን ዘመን «ያልበቁ ጥቁሮች ሥልጣን ይዘው አገር ያበላሹበት» አድርገው አስተምረው ነበር። በ1915 የወጣው «ዘ በርዝ ኦቭ ኤ ኔሽን» የተባለው ፊልም ይህንኑ ለሚሊዮኖች አሳየ። የዱ ቦይስ የመጨረሻው ምዕራፍ የሚያጠቃው እነዚህን የታሪክ መጻሕፍት ነው። ለኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የተሻለው ምዕራፍ ነው፤ ጦርነቱን የተሸነፈ ወገን ታሪኩን በመጻፍ እንዴት እንደሚያሸንፍ ያሳያል።

ጉድለት የለውም አልልም። ከሌላ ሰነድ የተቀዱ ገጾች መካከል ላይ ይደረድርባችኋል፤ ጎበዝ አርታዒ ቢኖረው ሁለት መቶ ገጽ ይቀንስ ነበር። የማርክስን ቃላት በግድ ያለብሳል፤ የሳውዝ ካሮላይናን መንግሥት የሠራተኛ መደብ አገዛዝ አድርጎ ለማቅረብ ሲሞክር የራሱ ማስረጃ አይከተለውም፤ ነፃ የወጡት ሰዎች የጠየቁት የራሳቸውን መሬት ነበር። ሴቶች ደግሞ እንደ አራቱ እቅዶች ሁሉ በሱም መጽሐፍ ውስጥ በጥላ ነው የሚያልፉት።

ቢሆንም ሌላ ማንም ያላደረገውን አድርጓል። አራት ሚሊዮን ያህል ነፃ የወጡ ሰዎችን የእቅዱ ተቀባይ ሳይሆን የእቅዱ ባለቤት አድርጎ ጻፋቸው። በጦርነቱ ጊዜ ከእርሻው እየጠፉ ወደ ሰሜኑ ጦር የሄዱትን «አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ» ብሎ ሲጠራቸው መጀመሪያ ተጠራጠርኩ፤ ስጨርስ ግን አመንኩት። ለማነጻጸር የስፒልበርግን «ሊንከን» (2012) እንደገና አየሁት። ፊልሙ ጃንዋሪ 1865 ዋሽንግተን ውስጥ ባርነትን የሚያስቀረው ማሻሻያ እንዴት እንዳለፈ ያሳያል። ቆንጆ ነው፣ ስቲቨንስም አለበት። በዚያው ወር ግን ሳቫና ውስጥ ሃያ ሰዎች ምን ትፈልጋላችሁ ተብለው መልስ ሰጥተዋል። ፊልሙ ውስጥ የሉም። ባርነት የቀረበትን ትዕይንት አይተን እያጨበጨብን ወጣን፤ የመሬቱ ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት መብራቱ በራ።

የኛም ነገር አለበት። ይህ መጽሐፍ በወጣበት በ1935 ጣልያን አገራችንን ወረረች። ዱ ቦይስ ያን ጊዜ «ፎሪን አፌርስ» ላይ ስለ ኢትዮጵያ ጽፏል፤ ነገሩ የሱም ጉዳይ ነበር። ጣልያን ለወረራዋ ከደረደረቻቸው ሰበቦች አንዱ ደግሞ በኢትዮጵያ ባርነት መኖሩ ነበር። ሰበቡ ሰበብ ነው፤ ባርነቱ ግን ነበረ። እኛ ጋ ሙሉ በሙሉ በሕግ የተከለከለው በ1942 ነው። ከዚያ በኋላ ነፃ የወጡት ሰዎች ምን መሬት፣ ምን ቦታ አገኙ? የኛ ዱ ቦይስ ማነው? ይህን የምጠይቀው ለማሳፈር አይደለም። የአሜሪካን ባርነት እያነበብን እንደ ተመልካች ብቻ መቀመጥ እንደማንችል ስለገባኝ ነው።

ከየት ልጀምር ለምትሉ፣ ሰባት መቶውን ገጽ አትጀምሩት። መጀመሪያ የሳቫናውን ቃለ ጉባኤ ፈልጉና አንብቡ፤ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ከዚያ የኤዲስቶን ደብዳቤ። ከዚያ የዱ ቦይስን የመጨረሻ ምዕራፍ። ከዚያ ካስደሰታችሁ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ።

እኔ ደግሞ ቃለ ጉባኤውን ወደ አማርኛ መመለስ ጀምሬያለሁ። «ሪኮንስትራክሽን» የሚለውን ቃል እስካሁን አልወሰንኩም። ለጓደኛዬ እናት ስልክ ደውዬ ጠየቅኋቸው፤ «እማማ፣ መልሶ ግንባታ ሲባል ምን ይመጣልዎታል?» ትንሽ ዝም አሉና «መጀመሪያ ሱቁ የኔ ይሁን፣ ከዚያ ይሠራል» አሉኝ።